ከድንጋዩ ሥር

ዓምና መጋቢት ላይ ሜትርና ደብተር ይዤ፣ ከመራዊ ብዙም ወደማይርቅ አንድ የግልገል ዓባይ ገባር ወረድኩ። ከጣና ነጭ ዓሣ ዝርያዎች በርካታዎቹ ክረምት ሲገባ ሐይቁን ትተው ሽቅብ ወደ ወንዞች ይወጣሉ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ ውሃው ፈጠን በሚልበት ጠጠራማ ቦታ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ብዙዎቹ ዝርያዎች ከጣና ውጪ የትም የሉም። ታዲያ ይህ ወንዝ አሁንም ይሆናቸዋል ወይ? ጥያቄዬ ይኸው ነበር።

100 ሜትር መርጬ በየ10 ሜትሩ ስፋትና ጥልቀት መዘገብኩ። ፍጥነቱን በብርቱካን ለካሁ። ብርቱካን አብዛኛው አካሉ ውሃ ውስጥ ስለሚገባ ነፋስ እንደ ልቡ አይገፋውም። 10 ሜትር በስንት ሰከንድ እንደሄደ ይዤ አካፈልኩ። የላዩ ውሃ ከታችኛው ስለሚፈጥን ውጤቱን በ0.85 አባዛሁት።

ቀጥሎ ጠጠር ቆጠራ። ሳያዩ እጅ መጀመሪያ የነካውን ድንጋይ አንስቶ መለካት፣ 100 ጊዜ። ካዩማ እጅ ወደሚያምረው ይሄዳል። ከ2 እስከ 64 ሚሊ ሜትር ያለው ጠጠር ነው፤ የኔም አብዛኛው እዚያ ውስጥ ወደቀ። ደስ አለኝ።

ልጨርስ ስል አንዱ ድንጋይ አልነቀል አለኝ። እንደ መንጋጋ ጥርስ ተተክሏል። ወዝውዤ ሳወጣው ከሥሩ ቡናማ ደለል እንደ ጭስ ቦለል አለ። ጎኑ ያለውንም ሞከርኩ፤ ያው ነው። እንቁላሉ የሚደበቀውና አየር የሚያገኘው በድንጋዮቹ መሃል በሚያልፈው ውሃ ነው። ክፍተቱ በደለል ከተደፈነ ይታፈናል። ቁጥሬ ግን ይህን አላሳየም።

በሬዎቻቸውን ሊያጠጡ የወረዱ አንድ አባት ቆመው ያዩኝ ነበር። ዓሣ ያዩ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ልጄ፣ ዓሣው የሚመጣ በክረምት፤ አንተ የመጣህ በበጋ» አሉኝ።

«ድሮ ይበዛ ነበር፣ አባባ?»

«ኧረ ስንቱን! ብርብራ የሚወቅጡ ሰዎች መጡና ትልቁንም ጫጩቱንም አንድ ላይ ጨረሱት።»

የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲነከር ዓሣን ያደነዝዛል፤ መርዙ ትንሽ ትልቅ አይልም። ይህም የምመዘግብበት ቅጽ ላይ ቦታ አልነበረውም። መጀመሪያ ሰው መጠየቅ ነበረብኝ።

በመስከረም ተመለስኩ። ደለሉ ከየት እንደሚመጣ ያኔ በዓይኔ አየሁ፤ እስከ ወንዙ አፋፍ ከታረሰው ማሳና ከብቶች ከሚወርዱበት ከተናደው ዳር ነው። አባባ በራሳቸው በኩል ጥቂት እርምጃ ሣር ሊተዉ፣ የከብት መውረጃውንም አንድ ብቻ ሊያደርጉ ተስማሙ። እኔም ቅጼ ላይ አንድ ዓምድ ጨመርኩ፤ «ድንጋዩ ምን ያህል ተቀብሯል?» የሚል።