«በምን አወቅሽ?»

ለልጆች ተረት የሚጽፍ ደራሲ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲጋበዝ ምን እንደሚያደርግ ጋባዡም ተጋባዡም ያውቃሉ፤ መጽሐፉን ገልጦ ያነባል፣ ልጆቹ ያዳምጣሉ፣ በመጨረሻም ይጨበጨባል። እንደ እኔ ስለ ባቡር፣ ስለ ወንዝና ስለ ጅብ እውነተኛውን ነገር ለልጆች የምትጽፍ ሰው ስትመጣ ግን ነገሩ ግር ያሰኛል። መጽሐፉ ተረት አይደለም፤ የመማሪያ መጽሐፍ እንዳይባል ደግሞ ፈተና አይወጣበትም። ስለዚህ ድሬዳዋ ውስጥ ብዙ ጊዜ የምጠየቀው በጠዋት ሰልፍ፣ ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ፣ በሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ ስለ ንባብ ጥቅም ምክር እንድሰጥ ነው። በድሬዳዋ ፀሐይ የቆመ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ከእንዲህ ያለው ምክር የሚያስታውሰው ነገር ቢኖር ፀሐዩን ነው።

ምክሩን በትሕትና እምቢ እላለሁ። እውነት ላይ የተመሠረተ መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ለልጆች ሊያሳይ ከሚችለው ሁሉ የሚበልጠው አንድ ነገር እንዴት እንደሚታወቅ ነው፤ ይህ ደግሞ ለመላው ትምህርት ቤት በአንድ ጊዜ አይሆንም። የምለምነው አንድ ክፍል፣ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜና የክፍሉ መምህር አብረውን እንዲቆዩ ነው። የመምህሩ መኖር ለሥነ ሥርዓት ብቻ አይደለም። ድሬዳዋ ውስጥ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞም ሆነ በሶማሊኛ የሚማሩ ልጆች አሉ፤ መጽሐፎቼ ግን የተጻፉት በአማርኛ በመሆኑ፣ በአንዳንዱ ክፍል ከእኔ ይልቅ መምህሩ ብዙ ይናገራሉ።

ይዤ የምገባው ገመድ ነው። ከጫፉ አንድ ሜትር ላይ ቀይ ጨርቅ፣ 1.435 ሜትር ላይ ደግሞ ሰማያዊ ጨርቅ ታስሮበታል። ሁለት ልጆች ወጥተው ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ይወጥሩታል። እስከ ቀዩ ያለው በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ በደረሰው በድሮው የባቡር መስመር ሁለት ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት ነው፤ እስከ ሰማያዊው ያለው ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ የሚያልፈው የአዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ነው። ይህን ተናግሬ ዝም እላለሁ፤ የቀረውን እነሱ ይሉታል። የድሮው ባቡር በአዲሱ ሐዲድ ላይ ሊሄድ እንደማይችል የሚደርስበት ልጅ ሁልጊዜ አይጠፋም፤ እዚያ ድምዳሜ ላይ የደረሰው ደግሞ ማንም ሳይነግረው ነው።

በአንዱ ክፍል፣ ከኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ ቀዩን ጨርቅ ትክ ብሎ ሲያይ ቆየና «አያቴ ምድር ባቡር ሠርቷል፤ ከዚህ ይሰፋል ነው የሚለው። አንቺ በምን አወቅሽ?» አለኝ። መምህሩ ሊቆጡት ሲሉ እባክዎ ይተዉት አልኳቸው። ከተጋበዝኩባቸው ክፍሎች ሁሉ የሰማሁት ምርጥ ጥያቄ ይህ ነበርና። በሜትር ለክቼ እንደሆነ፣ አያቱም ከባቡሩ ወገብ ስፋት ጋር አያይዘውት ሊሆን እንደሚችል፣ የባቡሩ አካል ደግሞ ከሐዲዱ ወደ ውጭ እንደሚወጣ ነገርኩት። አላመነኝም። አያቱን ይዞ ሄዶ እንደሚለካ ተናግሮ ተቀመጠ፤ እኔም ከዚህ የተሻለ የቤት ሥራ ልሰጠው አልችልም ነበር።

ከገመዱ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ባቡሩ ለምን ሐረር አልሄደም የሚለው ነው። የጥንቷ የንግድ ከተማ ሐረር ነበረች፤ መጀመሪያ የታሰበውም ወደዚያ ለመዝለቅ ነበር። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት በሚኒባስ የወጣ ልጅ ግን መልሱ በሆዱ አለ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲሽከረከር ሰበቃው አነስተኛ በመሆኑ ባቡር በሜዳ ላይ እጅግ ብዙ ሸክም በቀላሉ ይጎትታል፤ በዚያው ምክንያት ደግሞ ዳገት ሲጠናበት ጎማው ይንሸራተታል። ተራራውን መውጣት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ በመሆኑ መስመሩ በቆላው በኩል አለፈ፤ ባዶ በነበረው ሜዳ ላይም ይህች ከተማ ተቆረቆረች።

ያው ዳገት ግን ሌላም ሥራ ይሠራል፤ ጉብኝቱ የሚከብደኝም እዚህ ላይ ነው። ከዚራንና መጋላን፣ ሁለቱን የድሬዳዋ ሰፈሮች፣ የሚለየው የደቻቱ ወንዝ በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ዝናቡ የሚጥለው ከላይ፣ ከተራሮቹ ላይ ነው፤ ተዳፋቱ ቀጥ ያለና የተራቆተ በመሆኑ ውኃው ወደ መሬት ሳይሰርግ ይወርዳል፤ ስለዚህ ከተማው ላይ አንድ ጠብታ ሳይወርድ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ቁጥሩን ከልጆች መጽሐፍ ውስጥ እንዳወጣው የመከሩኝ አሉ፤ አላወጣሁትም። ይህን አሸዋ በየቀኑ ለሚሻገር ልጅ አደጋውን መደበቅ እሱን ከፍርሃት መጠበቅ አይመስለኝም፤ የሚያስፈልገው ከቁጥሩ አጠገብ ምክንያቱ እንዲጻፍለት ነው። ነገር ግን ገና ክፍል ሳልገባ፣ በጎርፉ ዘመድ ያጣ ቤተሰብ ያለው ልጅ እንዳለ መምህሩን እጠይቃለሁ፤ ካለ ርዕሱን የማነሣው ልጆቹ ራሳቸው ካነሡት ብቻ ነው።

ሐረር ሲሆን ጨዋታው ይለወጣል፤ በግንብ የታጠረው የጥንቱ ከተማ፣ የጁገል፣ ልጆች ስለ ጅብ ከእኔ የሚማሩት ብዙ ነገር እንደሌለ ያምናሉ፣ ግማሹ እውነታቸውን ነው። ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ሥጋ ሲበላ አይተውታል፤ ኩሱ ነጭ የሚሆነው አጥንት ስለሚበላ ነው ብዬ ስነግራቸው ሳቁ ክፍሉን ይሞላዋል እንጂ የሚጠራጠር የለም። መንጋውን የምትመራው ሴቷ መሆኗንና ከወንዱ እንደምትገዝፍም ሴቶቹ ልጆች ቶሎ ይቀበሉታል። ክርክር የሚነሣው ዥጉርጉሩ ጅብ የሚበላውን ብዙውን ጊዜ ራሱ አድኖ ይገድላል ስል ነው። «የሞተ ነው የሚበላው! በምን አወቅሽ?» ይላሉ። እዚህ ላይ ለክቼ ነው ማለት አልችልም። እያንዳንዱን ጅብ በነጠብጣቡ እየለዩ ለዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች መኖራቸውን፣ እኔም የእነሱን ጽሑፍ እንዳነበብኩ እነግራቸዋለሁ። ራስ አይቶ ማወቅና ያየን ሰው አምኖ ማወቅ ሁለት እንደሆኑ የአራተኛ ክፍል ልጅ በደንብ ይገባዋል፤ የትኛው ሰው እንደሚታመን መጠየቁም ወዲያው ይከተላል።

ስለ መጽሐፎቹ አንድ ነገር ልጨምር። ለትምህርት ቤቱ የምሰጣቸው ቅጂዎች ማኅተም ተመትቶባቸው ቁም ሳጥን ውስጥ እንዳይቆለፍባቸው ለርዕሰ መምህራኑ ሁልጊዜ አሳስባለሁ። ለክፍሉ ቢሰጡ ይሻላል። በአንድ ትምህርት ቤት የክፍል አለቃዋ በደብተሯ እየመዘገበች ዓርብ ዓርብ ታውሳቸዋለች፤ ሰኞ ያልመለሰ ሌላ አይወስድም። ዳግመኛ ስሄድ የሁለቱ ሽፋን ተገንጥሎ፣ የባቡሩ ምዕራፍም በጣት ጠቁሮ አገኘሁት፤ ሌላ አምስት ቅጂ ሰጥቻቸው መጣሁ።