«ለምን አልነገሩህም?»

ባለፈው እሑድ ዝዋይ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ወዳጄ ደወለልኝ። ከተማዋ ባቱ ከተባለች ቆይታለች፤ የእኛ አፍ ግን ዝዋይን አልተወም። ኔዘርላንድ ውስጥ የአሥራ ሁለት ሠራተኞች ቡድን መሪ መሆኔን ከሌላ ሰው ሰምቶ ኖሮ፣ ሰላምታውን እንኳን ሳይጨርስ «እና አሁን ፈረንጅ ታዝዛለህ ማለት ነው? እሺ ብለው ይሠሩልሃል?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ከልብ ደስታ የመጣ ስለነበር «ይሠራሉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ አለፍኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እውነተኛው መልስ ረጅም ነው፤ መሃሉ ላይም ዓመት ሙሉ ለማንም ያልነገርኩት ውርደት አለ።

ዝዋይ ሳለሁ በአንድ የአበባ እርሻ ፓክ ሀውስ ውስጥ የስድሳ ሰዎች ሱፐርቫይዘር ነበርኩ። ከግሪን ሀውስ ተቆርጦ የመጣው ጽጌረዳ በዘንጉ ርዝመት የሚለይበት፣ ቅጠሉ የሚራገፍበትና ተቆጥሮ የሚታሰርበት ቦታ ነው። እኔ ስገባ ወሬው ይቆማል፣ ስወጣ ይቀጥላል፤ ያንንም ዝምታ እንደ አክብሮት እቆጥረው ነበር። ከእኔ በፊት የነበረው አለቃዬ ያስተማረኝም ይህንኑ ነው፤ ሠራተኛ ሲፈራህ ይሠራል፣ ሲለምድህ ይንቅሃል ይለኝ ነበር።

በመስመር አራት ላይ በዕድሜ ብዙ የምትበልጠኝ አንዲት ሴት ነበረች። አንድ ቀን ጠዋት በአጠገቧ ሳልፍ፣ ከሥራዋ ቀና ሳትል፣ «ዛሬስ ጽጌረዳው ደከም ብሎታል» አለች። በማግሥቱም ደገመችው። በሦስተኛው ቀን «አንቺ ሥራሽን ሥሪ» አልኳት፤ እናቴ ልትሆን የምትችለውን ሴት «አንቺ» ማለቴ እንኳን አልቆረቆረኝም። ከሳምንት በኋላ ያ ጭነት አውሮፓ ሲደርስ፣ ቦትራይቲስ የሚባለው ግራጫ ሻጋታ ስለተገኘበት ውድቅ ሆነ። እኔም የዚያን መስመር ሠራተኞች በሙሉ የወር ማበረታቻቸውን አስቆረጥኳቸው፤ እርሷንም ጭምር። አገር ቤት ለአለቃ እውነት የሚነገረው በጓሮ በር ነው፤ በምሳሌ፣ በጨዋታ፣ በአማላጅ፣ ዙሪያ ጥምጥም እየተባለ። እርሷ በደንቡ ነግራኛለች። ቋንቋውን እያወቅሁ መስማት ያቆምኩት እኔ ነኝ።

እዚህ ከመጣሁ በኋላ ሥራ ያገኘሁት አልስሜር ላይ፣ አበባ እየገዛ ለሱቆች በሚያከፋፍል አንድ ድርጅት ውስጥ ነው። በአልስሜር የአበባ ጨረታ ዋጋው የሚጀምረው ከላይ ነው፤ በሰዓት መልክ በተሠራው ሰሌዳ ላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ ቁልፉን ቀድሞ የተጫነው ነጋዴ ይገዛዋል። የኢትዮጵያም ጽጌረዳ ወደዚህች ከተማ ይመጣል። አንዳንድ ሌሊት ካርቶን ስከፍት፣ ክዳኑ ላይ በማርከር «መስመር 4» ተብሎ በአማርኛ የተጻፈ አገኛለሁ፤ ጣቴን በጽሑፉ ላይ አሳልፌ ሆዴ ባብቶ ሥራዬን እቀጥላለሁ። ሦስት ዓመት ጋሪ ከገፋሁ በኋላ በአራተኛው ዓመት የቡድን መሪ አደረጉኝ። ለእኔ ይህ የተወሰደብኝ ክብር ሲመለስ ነበር።

በመጀመሪያው ወር፣ ቀኑ ሲጀመር ቆመን በምናደርገው አጭር ስብሰባ ላይ፣ ጋሪዎቹ ወደ ኮልድ ሩሙ፣ ወደ ማቀዝቀዣው ክፍል፣ የሚገቡበትን ቅደም ተከተል መለወጤን አስታወቅሁ። በሳምንት ሁለት ቀን የሚሠራ የሃያ ሁለት ዓመት ተማሪ አለ። አንድ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ በሌላው የቡና ኩባያውን እንደያዘ፣ ሁሉም ሰው ፊት በስሜ ጠርቶኝ «ይህ ስህተት ይመስለኛል፤ የኮልድ ሩሙ በር ረጅም ጊዜ ክፍት ይቆያል፤ ለምን እንዲህ አደረግከው?» አለኝ። ደሜ ፈላ። «እኔ ይህን ሥራ ስጀምር አንተ ገና አንደኛ ደረጃ ትማር ነበር፤ የታዘዝከውን ሥራ» አልኩት። ሁሉም ጸጥ አሉ። የዝዋይዋ ዝምታ ነበረች፤ ወዲያው አወቅኋት፣ ደስም አለኝ።

ጥር ሊያልቅ ሲል፣ ለፍቅረኞች ቀን የሚሸጠው ጽጌረዳ መጋዘኑን በሞላበት ሳምንት፣ የኮልድ ሩሙ በር ታችኛው ማሸጊያ ጎማ ተላቀቀ። ጽጌረዳ ከሁለት እስከ አራት ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ በቀዳዳው ሞቅ ያለ አየር ሲገባ አበባው ላይ እርጥበት ይቋጥራል፣ ቦትራይቲስም የሚፈልገው እርጥበትን ነው። አርብ ጠዋት የክፍሉ ኃላፊ መጣች፤ በዕድሜ ታናሼ ናት። ከአንዱ ባልዲ አንድ አበባ መዝዛ የውጪውን ቅጠል በአውራ ጣቷ ገለጥ አደረገችው፤ የስፒል ራስ የሚያክሉ ቡናማ ነጠብጣቦች ነበሩበት። አሥራ አራት ጋሪ እንዲህ ሆኖ ተገኘ። እኔ «ማን አጠፋ?» የሚለውን ጥያቄ እየጠበቅሁ፣ በየፈረቃው የነበሩትን ሰዎች ስም በአእምሮዬ አዘጋጅቼ ነበር። እርሷ ግን «ጎማው ከማክሰኞ ጀምሮ መላቀቁን ሦስት ሰዎች ያውቁ ነበር። ለምን አልነገሩህም?» አለችኝ።

ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ ቁጣን አውቀዋለሁ፣ አንገቴን ደፍቼ አሳልፈዋለሁ። ይህ ጥያቄ ግን ስለ በሩ አልነበረም። ከዚያች ቀን በፊትም ሆነ በኋላ፣ በስደት ካየሁት መናቅ ሁሉ፣ በጨዋ ቃል የተጠየቀውን ይህን ያህል ያዋረደኝ የለም። መልስ ስላልነበረኝ «ሦስቱን ለየብቻ ጠይቃቸውና ሰኞ ንገረኝ» ብላኝ ሄደች።

ጠየቅኋቸው። በአገናኝ ድርጅት በኩል የምትሠራው ፖላንዳዊት «ችግር ካነሳሁ በሚቀጥለው ሳምንት ላይጠሩኝ ይችላሉ፤ ልጆች አሉኝ» አለችኝ። ኤርትራዊው ወጣት መሬት መሬት እያየ «ጋሼ፣ ታላቄ አይደለህም እንዴ፤ እንዴት አድርጌ ተሳስተሃል እልሃለሁ?» አለኝ። ተማሪው ደግሞ በግልጽ «አንድ ጊዜ ነገርኩህ፣ ተቆጣህ። ስለዚህ ጉዳዩ የራስህ ነው ብዬ ተውኩት» አለኝ። የሦስቱም ምክንያት የተለያየ ነው፤ አንዷ እንጀራዋን ፈርታ፣ አንዱ ባህሉን ጠብቆ፣ አንዱ ተቀይሞ ዝም አሉ። ለእኔ ለአለቃው ግን ሦስቱም አንድ ዓይነት ሆነው ነው የታዩኝ፤ ሁሉንም አክብሮት ነው ብዬ ነበር። እኛ ዘንድ «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። እኔ ግን የዝምታን መንቀዝ በአሥራ አራት ጋሪ ቆጥሬ አስረክቤያለሁ።

ከዚያ በኋላ ለቡድን መሪዎች የሚሰጥ ሥልጠና ላይ ተላክሁ። አሠልጣኙ የጀመረው በደቾቹ፣ በኔዘርላንዳውያኑ፣ በራሳቸው ቁስል ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1977 በካናሪ ደሴቶች፣ በቴኔሪፍ አውሮፕላን ማረፊያ፣ በጉም ውስጥ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞተዋል። ፈቃድ ሳይሰጠው መንደርደር የጀመረው የኔዘርላንዱ አውሮፕላን ዋና አብራሪ በአየር መንገዱ እጅግ የተከበረ፣ ሌሎች አብራሪዎችን የሚያሠለጥን ሰው ነበር። ረዳቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ፈቃድ እንዳልተሰጣቸው አስታውሶት ነበር፤ ሁለተኛ ጊዜ ግን አልደፈረም። የበረራ መሐንዲሱ ሌላው አውሮፕላን ከመንደርደሪያው ወጥቶ እንደሆነ በጥርጣሬ ሲጠይቅ፣ ዋናው አብራሪ በእርግጠኝነት «አዎ» ብሎ መለሰ፤ ከዚያ በኋላ የተናገረ የለም። እ.ኤ.አ. በ1979 ናሳ ባዘጋጀው ጉባኤ የተጠነሰሰው፣ ረዳቱ እንዲናገር አለቃውም እንዲሰማ የሚያስተምረው የበረራ ሠራተኞች ሥልጠና ዓለምን ያዳረሰው እንዲህ ዓይነት አደጋዎች ተጠንተው ነው። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ለአለቃ ዝም ማለት የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

እርግጥ ልኩ ይለያያል። ኼርት ሆፍስቴድ የተባለው ኔዘርላንዳዊ ምሁር እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1973 ከአይቢኤም ሠራተኞች በተሰበሰበ መጠይቅ ላይ ተመሥርቶ፣ በአለቃና በምንዝር መካከል ያለውን የሥልጣን ርቀት በአኃዝ አስቀምጦታል፤ ኔዘርላንድ 38፣ ኢትዮጵያን ከኬንያ፣ ከታንዛኒያና ከዛምቢያ ጋር የጠቀለለው ምሥራቅ አፍሪካ 64 አግኝተዋል። ይህን ቁጥር ስመለከት የአምስተርዳሙ አውሮፕላን ማረፊያ ስኪፖል ትዝ ይለኛል። አውሮፕላን ማረፊያው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1852 ተመጥጦ ባለቀ ሐይቅ ወለል ላይ ሲሆን፣ ከባሕር ጠለል ወደ አራት ሜትር ዝቅ ይላል። ግድቡ ሲነደል ባለርስቱም ገበሬውም እኩል በሚሰጥሙበት አገር፣ ቀዳዳውን ያየ ሰው ማንም ይሁን ማን መጮህ አለበት። የእኛ አባቶች ደግሞ በከፍታ ላይ የኖሩ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ ሲሉ ያደጉ ናቸው። ሁለቱም ያለ ምክንያት አልሆኑም።

ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ግን የአሜሪካዊቷ ተመራማሪ የኤሚ ኤድመንድሰን ጥናት ነው። ሆስፒታሎች ውስጥ ጥሩ የሚመሩት ቡድኖች የመድኃኒት ስህተታቸው ያነሰ እንደሚሆን ጠብቃ ስትመረምር፣ የተመዘገበው ስህተታቸው በዝቶ አገኘችው። ምክንያቱ የበለጠ ስለሚሳሳቱ ሳይሆን፣ የተሳሳቱትን ሳይፈሩ ስለሚናገሩ እንደሆነ ደረሰችበት፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመችው ጥናትም ይህን የሥነ ልቦና ደኅንነት አለችው። የዝዋዩ መዝገቤ ንጹሕ ነበር። በዚያ ንጹሕ መዝገብ ተሸልሜበታለሁ።

ከሥልጠናው ስመለስ ያደረግሁት ነገር ጥቂት ነው። በስብሰባችን ሰሌዳ ላይ «በዚህ ሳምንት የተሳሳትኩት» ብዬ የራሴን ስህተት በእጄ መጻፍ ጀመርኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስጽፍ እጄ ተንቀጥቅጧል፤ እኛ ባደግንበት ቤት አለቃ ጥፋቱን በአደባባይ አይጽፍም። በሦስተኛው ሳምንት ፖላንዳዊቷ ከሥሬ የራሷን ጨመረች። ለተማሪው ሁሉም ባሉበት ይቅርታ ጠየቅሁት፤ እርሱም ነገሩን ከዚያው ረስቶት ኖሮ ትከሻውን ነቀነቀና ጋሪውን መግፋት ቀጠለ። ኤርትራዊው እስከ ዛሬ ሰው ፊት አይናገርም። ስለዚህ ለእርሱ የራሱን መንገድ አበጀሁለት፤ ምሳ ሰዓት አጠገቡ እቀመጣለሁ፣ ስለ ቤተሰቡ እንጫወታለን፣ እውነቱም በጨዋታው መሃል ዙሪያዋን ዞራ ትመጣለች። መምራት ማለት ሰው ሁሉ በአንድ በር እንዲገባ ማስገደድ እንዳልሆነ ያስተማረኝ እርሱ ነው።

ደቾችንም በአድናቆት ብቻ አላልፋቸውም። ግልጽነት እያሉ የሰው ቅስም ይሰብራሉ፤ ቃል ሳይመርጡ የተናገሩት ሁሉ እውነት ይመስላቸዋል። ከቡና ጋር አንድ ብስኩት ሰጥተው ቆርቆሮውን የሚከድኑ ሰዎች፣ ትችትን ግን ያለ ስፍር ያድላሉ። ሃምሳና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት የሠራተኞች ምክር ቤት እንዲኖረው ሕጋቸው ያስገድዳል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የሳምንት ውል ይዛ የምትሠራ ስደተኛ በዚያ ምክር ቤት የምታገኘው መተማመኛ ምንድን ነው? «እዚህ ሁሉም ሰው በነፃነት ይናገራል» የሚለኝ ብዙ ጊዜ ቋሚ ውል ያለው ሰው ነው።

ለመምጣት የምታስቡ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ አለቃችሁ «ገባህ?» ሲላችሁ ሳይገባችሁ «አዎ» አትበሉ። አገር ቤት ይህ ጨዋነት ነው፤ እዚህ ውሸት ሆኖ ይመዘገባል። በስሙ ጥራኝ የሚላችሁ አለቃ ጓደኛችሁ ሆነ ማለት እንዳልሆነም እወቁ፤ ውላችሁን የማያድስላችሁ ያው በስሙ የምትጠሩት ሰው ነው። አገር ቤት አለቃ የነበራችሁ ደግሞ ከሻንጣችሁ አስቀድማችሁ ልባችሁን ፈትሹ። ታናሻችሁ ሰው ፊት «ለምን?» ሲላችሁ ምን እንደምትመልሱ እዚያው ሳላችሁ አስቡበት። ቋንቋውን ተማሩ፤ ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ይደርሳችኋል፣ ምሬት ግን በደችኛ ነው የሚወራው፣ መሪ ደግሞ መስማት ያለበት ምሬቱን ነው።

ለወዳጄ በማግሥቱ መልሼ ደወልኩለት። እርሱ አሁን የእኔን ቦታ ይዞ ፓክ ሀውሱን ይመራል። ይህን ሁሉ ነገርኩት፤ ሳያቋርጥ ሰማኝ። በመጨረሻም መስመር አራት ላይ የነበሩትን ያን «ጽጌረዳው ደከም ብሎታል» ይሉ የነበሩትን እናት እንዲያገናኘኝ፣ የተቆረጠባቸውንም ገንዘብ እንድልክላቸው ለመንኩት። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «እርሳቸው እኮ ሥራውን ከተዉ ሁለት ዓመት ሆናቸው፤ ስልካቸውን የያዘ ሰው የለም» አለኝ። አሁን እያፈላለገልኝ ነው።