ሁለቱን እንክብል በባዶ ሆድ

ሌሊት 9 ሰዓት ሲሆን ዓይኔ ፍጥጥ ይላል። ሦስት ወር እንዲህ ከከረምኩ በኋላ ነው አሽዋጋንዳ የሚባለውን፣ ጭንቀት እንዲቀንስና እንቅልፍ እንዲመጣ የሚወሰደውን የተክል ሥር እንክብል የገዛሁት። ጠርሙሱ ላይ «በቀን 2 እንክብል» ይላል፤ መቼ እንደሚዋጥ ግን አይልም። ሁለቱንም ጠዋት በባዶ ሆዴ ዋጥኳቸው። እስከ እኩለ ቀን ሆዴ ሲገለባበጥ ዋለ።

አሽዋጋንዳ ዝቅ ያደርገዋል የሚባለውን የጭንቀት ሆርሞን፣ ኮርቲሶልን፣ እንደ ጠላት ነበር የማየው። ለካ ከነቃን በኋላ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ባለው ጊዜ ጣሪያ የሚነካው ለቀኑ ሊያዘጋጀን ነው፤ እኩለ ሌሊት አካባቢ ደግሞ ወለል ይነካል። የእኔ ችግር የሌሊት ሆኖ ሳለ ጠዋት ጠዋት መዋጥ ምን ይሉታል? ወደ 300 ሚሊግራም ዝቅ አድርጌ ከእራት ጋር አደረግሁት። በጥናቶች በብዛት የተሞከረው በቀን ከ240 እስከ 600 ሚሊግራም የሥሩ ንጥር ነው፣ ያውም ለ8 ሳምንት ገደማ። እኔ ግን በ4ኛው ቀን «አይሠራም» ብዬ እጥፍ ልወስድ ስል እህቴ ከእጄ ነጠቀችኝ።

ሐኪሜ ጋ የላከችኝም እሷው ናት። የታይሮይድ መድኃኒት እወስዳለሁ፤ አሽዋጋንዳ ደግሞ የታይሮይድ ሆርሞንን ከፍ ሊያደርግ፣ አልፎ አልፎም ጉበት ሊጎዳ ይችላል። (ይህን ጠርሙሱ ላይ በትልቁ መጻፍ ምን ነበረበት?) አሁን ጠርሙሱ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የደም ምርመራዬን ውጤት እየጠበቅሁ ነው።