አንድ ግሥና አንድ ድንች

ሰሞኑን አዲስ አበባ ያለ አብሮ አደጌ «ዴንማርክኛ እኮ ከእንግሊዝኛ ጋር ይመሳሰላል ይባላል፤ በስድስት ወር ይለመዳል አይደል?» ብሎ ሲጽፍልኝ፣ ትዝ ያለኝ አንድ ያልተላጠ ድንች ነው።

ዴንማርክ፣ ኦርሁስ ከተማ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ብስክሌቴን ቤቱ ወስዶ ሲጠግንልኝ፣ ሚስቱ ድንች እየላጠች «ብሊር ዱ ኦ ስፒሰር?» አለችኝ። የ«ብሊር» መነሻ ግሥ «ብሊቨ» ማለት «መሆን» ነው ተብዬ ስለተማርኩ፣ ወደፊት ምን እንደምሆን የጠየቀችኝ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ «ረዳት ነርስ!» አልኳት። ለካስ «ቆይተህ አብረኸን ትበላለህ?» ማለቷ ኖሯል። ሳቃቸው በርዶ ጥያቄውን ሲደግሙልኝ ደግሞ ይሉኝታ ይዞኝ «አይ፣ በልቻለሁ» አልኩ፤ ይህ እኛ ዘንድ የግብዣ መጀመሪያ እንጂ እምቢታ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ሴትዮዋ ግን «እሺ» ብላ በእጇ የያዘችውን ድንች ወደ ከረጢቱ መለሰችው።

በግሡ ቂም ይዤ የዘር ሐረጉን ባጣራ፣ እሱም እንደኔው መጤ ሆኖ አገኘሁት። ዴንማርኮች ጥንት «መሆን»ን የሚገልጹት የጀርመንኛው «ቬርደን» ዘመድ በሆነው «ቮርደ» ነበር። በመካከለኛው ዘመን ሐንዛ የተባለው የሰሜን ጀርመን ከተሞች የንግድ ማኅበር ነጋዴዎች ከጀርመኗ ከሊዩቤክ ጨውና ጨርቅ ይዘው ሲመላለሱ፣ የታችኛው ጀርመንኛቸውም (የሰሜን ጀርመን ቋንቋ) አብሯቸው ገባ፤ መነሻ ትርጉሙ «መቅረት» የነበረው ግሣቸው «ብሊቨ»ም «መሆን»ን ጭምር ጠቅልሎ ባለቤቱን ከቤቱ አስወጣው። «ቮርደ» ዛሬ የሚገኘው ነፍሰ ጡርን «ቮርደነ ሞር» ሲሉና፣ የእኛ «ኮነ» በ«ይኩን ፈቃድከ» እንደቀረ ሁሉ፣ በአሮጌው የአባታችን ሆይ ጸሎታቸው ውስጥ ነው። መክፈል («ቤታለ»)፣ መጓዝ («ራይሰ») እና መረዳት («ፎርስቶ») የመጡት በዚያው መንገድ ስለሆነ፣ ስደተኛ ቋንቋችንን አበላሸ የሚል ሰው ሲገጥመኝ አቤቱታውን በስንት የሊዩቤክ ቃል እንዳቀረበ በልቤ እቆጥራለሁ።

እኛም ብንሆን ከትዝብት አናመልጥም። በእነርሱ ግሥ የቆየ ሰው አንድ ነገር ይሆናል፤ በእኛ «ቀረ» ግን የቆየ ሰው የጠፋ ሰው ነው፤ እናቴ በየበዓሉ ደውላ «በቃ ቀረህ?» ስትለኝ ምን ብዬ እንደምመልስላት ይጨንቀኛል።

ለመምጣት የምታስቡ፣ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለ ቋንቋ ፈተና እንደማይገኝ ዕወቁና ይህን ግሥ ከነሁለት ፊቱ አጥኑት። ምግብ ሲጋብዟችሁም በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ በሉ፤ «በሞቴ» የሚል የለም። እኔ ያን ማታ ብስክሌቴን በዝናብ እየገፋሁ ቤቴ ገብቼ ሽሮ ሠርቼ በላሁ።