ሲስተሙ 11፣ መደርደሪያው 10

በሠራሁት ፕሮግራም ውስጥ ሦስት ወር ሲያደርቀኝ የከረመ ስህተት ባለፈው ሐሙስ ተገኘ። ያስገኘልኝ አዲስ ፍሬምወርክ አይደለም፤ በዕድሜ የሚበልጠኝ መጽሐፍ ነው።

አጀማመሬን ታውቁታላችሁ፣ የሁላችንም ያው ነው። ዩቲዩብ፣ ኤችቲኤምኤል፣ ጃቫስክሪፕት፣ ሰርተፊኬት። ሰርተፊኬቶቹ አንድ ፎልደር ውስጥ አሉ፤ ከፍቼያቸው አላውቅም።

ቀጥሎ የአቤልሰንና የሰስማን የፕሮግራሚንግ መጽሐፍ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመው፣ የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ ጀማሪዎቹን ያስተምርበት የነበረው። ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ። ሁለቱ በ1986 ለኮምፒውተር ኩባንያው ሂውሌት ፓካርድ ሠራተኞች ያስተማሩትም ተቀርጿል፤ በሌሊት ጥቅል አወረድኩት። ገና በመጀመሪያው ክፍል አቤልሰን ስለ ጂኦሜትሪ አመጣጥ ሲያወራ፣ የዓባይ ጎርፍ የእርሻ ድንበር እያጠፋባቸው መሬት ይለኩ የነበሩትን የጥንት ግብፃውያን ያነሳል። አፈራችን እዚህም ደረሰ ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ። አደራ፣ እነዚህን ቪዲዮዎች ፍጥነት ጨምራችሁ አትዩ። እኔ የመጀመሪያዎቹን አምስት በእጥፍ ፍጥነት አይቼ የገባኝ መስሎኝ ነበር።

ወደ ስህተቱ። ፒያሳ ላለ አንድ የመዋቢያ ሱቅ የሽያጭ ሲስተም ሠርቻለሁ፤ ሁለት ካሸሮች አሉት። ማታ ሲቆጠር ሲስተሙ 11 ሽቶ አለ ይላል፣ መደርደሪያው ላይ 10። በየቀኑ ቢሆን ይሻል ነበር፤ በሳምንት አንዴ ሁለቴ ነው። የሱቁ ባለቤት ደውለው "ልጄ፣ የሚሳሳተው ኮምፒውተርህ ነው ወይስ ልጆቹ ናቸው?" አሉኝ። "ኮዱን አይቼዋለሁ ጋሼ፣ ችግር የለበትም" አልኳቸው።

ላፕቶፔ ላይ ስንት ጊዜ ሞከርኩት፤ አንዴም አልሳተ። ለካ የምሞክረው ብቻዬን ነው።

አንድ ቅዳሜ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ፣ በመጽሐፉ የ1996 (እ.ኤ.አ.) እትም ምዕራፍ 3፣ የፒተርና የፖል ምሳሌ ላይ ደረስኩ። የጋራ ሒሳባቸው ላይ 100 ዶላር አለ፤ አንዱ 10፣ ሌላው 25 ያወጣል። 65 መቅረት አለበት። ግን ሁለቱም 100ን አንብበው ከጻፉ፣ ኋላ የጻፈው የፊተኛውን ያጠፋዋል፤ 90 ወይም 75 ይቀራል። እርሳስ አውጥቼ ወረቀቱን ለሁለት ከፈልኩ፤ በግራ አንዷን ካሸር፣ በቀኝ ሌላዋን። ይቺ 12 ታነባለች፣ ያቺም 12። ይቺ 11 ትጽፋለች፣ ያቺም 11። ሁለት ሽቶ ወጣ፣ አንድ ተቀነሰ።

ሐሙስ ማታ በማንበቡና በመጻፉ መካከል የአምስት ሰከንድ መዘግየት አስገባሁ፤ ሁለት ብራውዘር ከፍቼ ተራ በተራ ተጫንኩ። ወዲያው ወጣ! ትራንዛክሽን (ወይ ሁሉም የሚፈጸም ወይ ሁሉም የሚሰረዝ የትዕዛዞች ጥቅል) ውስጥ ስላለ ምንም አይነካውም ብዬ ነበር፤ ግን የምጠቀምበት ዳታቤዝ፣ ፖስትግሬስ፣ ካልቀየሩት በስተቀር ትራንዛክሽኖችን የሚለያይበት ደረጃ፣ ሪድ ኮሚትድ፣ ይህንን አይከለክልም። ማስተካከያው አንድ መስመር ሆነ፦ መቀነሱን ከኮዴ አውጥቼ በአንድ አፕዴት (የማሻሻያ ትዕዛዝ) ለዳታቤዙ ተውኩለት። ስሌቱ ከዚያ ከከበደ፣ እስኪጨርሱ ሌላው እንዳይቀይረው የዳታቤዙን ረድፍ መቆለፍ ነው።

የክሎጀር የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ፈጣሪ የሪች ሂኪን የ2011 (እ.ኤ.አ.) ንግግር ቀድሜ አይቼው ነበር። ሲምፕልና ኢዚ አንድ አይደሉም ይላል፤ ሲምፕል ያልተጠላለፈ፣ ኢዚ ለእጅ የቀረበ ነው፤ እኛ ሁለቱንም "ቀላል" ስለምንል ይሁን አላውቅም፣ ያኔ አልገባኝም። አንብቦ፣ ቀንሶ፣ መጻፍ ለጣቴ ቀላል ነበር፣ ለምጄዋለሁ። ውስጡ ግን ቁጥሩና ጊዜው ተጠላልፈዋል።

ምክር ካላችሁኝ፣ በወረቀት ሥሩ። መልመጃዎቹን ሁሉ ሥሩ እንዳልል እኔ ግማሹንም አልሠራሁም፤ ምዕራፍ 4ን ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ ዘግቼዋለሁ። የሽያጩን መዝገብ ከቆጠራው ጋር ባመሳክረው ኖሮ ደግሞ ያለ ምንም መጽሐፍ በመጀመሪያው ሳምንት ይታየኝ ነበር።

አርብ ሱቁ ሄጄ ለጋሼ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና የደመወዝ ደብተሩን አወጡ። ጎደሎው ከአንዷ ልጅ ላይ ሁለት ወር ተቆርጧል። እሷም እዚያው ቆማ ነበር።

"ታዲያ ሽቶውን ማን ወሰደው?" አለችኝ።

"ማንም። ሁለቱም ተሽጠዋል፣ ብሩም ካዝና ገብቷል" አልኳት።