ጉበቱ ጠባሳ ሳይዝ ጌታ ደረሰልን

እግዚአብሔር ለወንድሜ ያደረገለትን ልመሰክር ነው። ስሙ ይባረክ!

ታላቅ ወንድሜ ለብዙ ዓመታት ጠጥቷል። ሰክሮ መንገድ ላይ የሚወድቅ ሰው አልነበረም። ሥራው ላይ ይገኛል፣ ቤቱን ያስተዳድራል። ግን ሳይጠጣ የሚያድርበት ማታ አልነበረም። ሰዉ «እሱ እኮ ምንም አልሆነም» ይል ነበር። እናታችን ግን ዕረፍት አልነበራትም። «ጌታ ሆይ፣ አንተው አስጥለው» እያለች በእንባ ስትጸልይ ነው የኖረችው።

አንድ ጊዜ ለሌላ ነገር ሊመረመር ሄደ፤ እኔም አብሬው ነበርኩ። ሐኪሟ የአልትራሳውንዱን ስክሪን ወደ እኛ አዞረችው። ጉበቱ አጠገቡ ካለው ኩላሊት ይልቅ ነጣ ብሎ ይታያል። «ይሄ ንጣት ስብ ነው» አለችን። ወንድሜ ደነገጠ። «እኔ እኮ ቅባት ብዙም አልበላም» አላት። «እርስዎ ባይበሉም መጠጡ ያመጣዋል» አለችው።

ያስረዳችን ነገር እስከዛሬ ከአእምሮዬ አልጠፋም። ሰውነት አልኮልን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ጉበት ሌላውን ሥራ ወደ ጎን ትቶ እሱን ለማስወገድ ይሯሯጣል። መጀመሪያ አሴታልዴሃይድ ወደሚባል መርዛማ ነገር፣ ከዚያ ወደ አሴቴት ይቀይረዋል። ለሁለቱም እርምጃ ኤንኤዲ የሚባል ረዳት ሞለኪውል ይፈልጋል። ችግሩ፣ ስብ ለማቃጠልም የሚያስፈልገው ያው ኤንኤዲ ነው። አልኮሉ ሲሻማው ስቡ ሳይቃጠል ይቀራል። በዚያ ላይ ጉበት ራሱ አዲስ ስብ በብዛት መሥራት ይጀምራል። ከቆዳ ሥር ከተከማቸውም ስብ ወደ እሱ ይጎርፋል። ጤነኛ ጉበት ትርፉን ስብ ጠቅልሎ ወደ ደም ይልከዋል፤ አሴታልዴሃይድ ግን ይሄንንም መላኪያ ያበላሸዋል። መግቢያው ክፍት፣ መውጫው የተዘጋ መጋዘን ማለት ነው።

ደግሞ አያምም! አብዝተው ከሚጠጡ ሰዎች 90 በመቶ ያህሉ ጉበታቸው ስብ ይይዛል፤ አብዛኞቹ ግን ምንም አይሰማቸውም። ሳይታወቅ ከቀጠለ በአንዳንዱ ሰው ላይ ጉበቱ ይቆጣል፣ ቀጥሎ ጠባሳ ይይዛል፣ በመጨረሻም ሲሮሲስ ይሆናል፤ ማለትም ጉበቱ በጠባሳ ተሞልቶ ይደድራል። እዚያ ከደረሰ መመለሱ ከባድ ነው።

የጸሎታችን መልስ የመጣው እዚህ ጋ ነው። «ገና ስብ ላይ ነው ያለው» አለች ሐኪሟ። «ጨርሰው ካቆሙ ይሄ በሳምንታት ውስጥ ሊጠፋ ይችላል።» ያን ሁሉ ዓመት ጠጥቶ ጠባሳ አለመያዙን ሌላ ሰው ዕድል ይበለው። እኔ የእናቴን እንባ ነው የማየው። ወንድሜም ከዚያ ቀን በኋላ «ልቤ ውስጥ አንድ ነገር ተቆረጠ» ይላል።

«ካመንክ ሐኪም ምን ያደርግልሃል?» ያሉት ነበሩ። በዚህ ጨርሶ አልስማማም። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም ሊያንፈራግጠው፣ ሊያቃዠው፣ ሊገድለውም ይችላል። ወንድሜም ያቆመው በሐኪም ክትትል ነው፤ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 ታዞለት ነበር። እንደዚያም ሆኖ የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ከባድ ነበሩ። እጁ እየተንቀጠቀጠ ውኃ የያዘ ብርጭቆ ወደ አፉ ማድረስ ያቅተዋል። እናቴ ላቡን ትጠርግለታለች።

«እማዬ፣ በቃ ሂጂ ተኚ» ይላታል።

«አንተ ተኛ ልጄ፣ እኔ ከጌታዬ ጋር እያወራሁ ነው።»

ያ ሁሉ አለፈ። በቀጣዩ ምርመራ ጉበቱና ኩላሊቱ አንድ ዓይነት መልክ ነበራቸው። የደም ምርመራውም ተስተካክሎ ነበር። ሐኪሟ «በጣም ጥሩ» ስትል እናቴ እዚያው ተንበረከከች። ክብር ሁሉ ለእሱ ይሁን!

ቤታችሁ የሚጠጣ ሰው ካለ ጸሎታችሁን አታቋርጡ። «አያመኝም» ቢላችሁም ጉበቱን እንዲመረመር ለምኑት። ወንድሜ አሁን እንደ እሱ ሲጠጣ የኖረ አንድ የሥራ ባልደረባውን ይዞ ወደ ምርመራ ሊሄድ ነው። ሰውዬው እሺ ብሏል፤ ግን ፈርቷል። እባካችሁ ለሱም ጸልዩለት።