ባግፓይፕ ለመማር ወደ ግላስጎው

የስኮትላንዷ ግላስጎው ከረጢት ያለውን የትንፋሽ መሣሪያ ባግፓይፕን ለሚማር የምትመች ከተማ ናት፤ ወሩን መምረጥ ግን ያስፈልጋል። ኦገስት ላይ «ፓይፒንግ ላይቭ» የተባለው ፌስቲቫልና በግላስጎው ግሪን መናፈሻ የሚካሄደው የዓለም የፓይፕ ባንዶች ሻምፒዮና ስለሚገጣጠሙ፣ ጆሮን ለማስለመድ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ለግል ትምህርት ግን አይሆንም። ብዙዎቹ አስተማሪዎች ራሳቸው ተወዳዳሪ ወይም ዳኛ ናቸው፤ ከዚያም ወደ ኦባንና ወደ ኢንቨርነስ ውድድሮች ይጓዛሉ። ትምህርቴን ወደ ኦክቶበር ያዛወርኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ከቡካናን አውቶቡስ ጣቢያ በእግር ጥቂት እንደተጓዝን ማክፋተር ስትሪት ላይ ናሽናል ፓይፒንግ ሴንተርን እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ1996 በአንድ የቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ውስጥ የተከፈተ ሲሆን ሙዚየም፣ መማሪያ ክፍሎችና መደብር አለው። የግል አስተማሪ ለሚያፈላልግም ጥሩ መነሻ ነው።

ጀማሪ መጀመሪያ የሚገዛው ባግፓይፑን አይደለም፤ የመለማመጃ ቻንተር (ዜማው በጣት የሚወጣበት ባለቀዳዳ ቱቦ) ነው። ከረጢትም ድሮንም (ሳያቋርጥ አንድ ድምፅ ብቻ የሚሰጥ ቱቦ) የሌለው፣ በአፍ የሚነፋ ቀጭን ቱቦ ነው። ፕላስቲኩ ለጀማሪ ይበቃል። አዋቂ ሰው ረጅሙን ዓይነት ይምረጥ፤ የቀዳዳዎቹ ርቀት ወደ ዋናው ቻንተር ስለሚቀርብ በኋላ ጣት አይደናገርም። ቀዳዳዎቹ ስምንት ናቸው፦ ከኋላ አንድ፣ ከፊት ሰባት። ግራ እጅ ከላይ ይሆንና አውራ ጣቱ የኋላውን፣ ሦስት ጣቶቹ የላይኞቹን ይደፍናሉ፤ የግራ ትንሿ ጣት ሥራ የላትም። የታችኞቹን አራት ቀዳዳዎች የቀኝ እጅ አራት ጣቶች ይይዛሉ። ጣት ቀጥ ብሎ ይዘረጋል እንጂ እንደ ዋሽንት በጫፉ አይደፍንም፤ የቀኝ እጅ ሦስቱ ጣቶች በመካከለኛው አንጓቸው ነው የሚያርፉት። አስተማሪዬ በየመሀሉ ጣቶቼን ገልብጠው ያያሉ። የቀዳዳው ክብ ቅርጽ ሥጋው ላይ ጠልቆ ከታተመ ጣቱ ከሚገባው በላይ እየጨመቀ ነው፤ የሚጨምቅ ጣት ደግሞ አይፈጥንም።

የግል አስተማሪ አስፈላጊነት ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ድምፆቹ በእንግሊዝኛ ፊደላት ይጠራሉ፤ መሣሪያው ከሎው ጂ (ታችኛው ጂ) እስከ ሃይ ኤ (ላይኛው ኤ) ዘጠኝ ድምፅ ብቻ አለው። ጮክ ወይም ቀስ ተብሎ አይነፋም፤ በድምፆቹም መካከል ዝምታ የለም። ዋሽንት ነፊ ትንፋሹን ገታ አድርጎ ሁለት ተመሳሳይ ድምፆችን ይለያል፤ እዚህ ግን ከረጢቱ አየር መስጠቱን ስለማያቆም ሁለት ኤ ተከታትሎ ሲመጣ የሚለያቸው በመሀል ብልጭ የሚል ግሬስ ኖት (እጅግ አጭር የጌጥ ድምፅ) ብቻ ነው። ጣት ለዚያ ከፍ የሚለው ለቅጽበት፣ ያውም በትንሹ ነው። አብዝቶ ከተነሣ ግሬስ ኖቱ ራሱን የቻለ ኖታ ይሆንና የዜማውን ምት ያዛባል።

ከዚህ የባሰው ችግር በሁለቱ እጆች መሀል የሚፈጠረው ነው። ከኢ ወደ ዲ መውረድን እንውሰድ። ኢ ላይ የግራ ቀለበት ጣት ክፍት ነው፤ የቀኝ ሦስቱ ጣቶች ዝግ፣ ትንሿ ደግሞ ክፍት ናት። ዲ ላይ የግራው ይዘጋል፣ የቀኞቹ ሦስት ይከፈታሉ፣ ትንሿ ትዘጋለች። አምስት ጣት በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። የግራው ቀድሞ ከተዘጋ፣ ቀኙ እስኪከፈት ድረስ በመሀል ሎው ኤ ጭው ትላለች። ነፊው አይሰማትም፤ ጆሮው የሚጠብቀው ዲን ስለሆነ ሌላውን ይዘለዋል። ከአጠገቡ የተቀመጠው አስተማሪ ግን ወዲያው ይሰማታል። መድኃኒቱ ሜትሮኖምን (ምት ቆጣሪውን) በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርጎ እነዚህን ሁለት ድምፆች ብቻ ማመላለስ ነው፤ ጥርት ሳይሉ ፍጥነት አይጨመርም። ከዚያ የጂ፣ የዲና የኢ ግሬስ ኖቶች ይመጣሉ፤ ቀጥሎ ደብሊንግ፣ ግሪፕ፣ ቶርሉዋ፣ በርል የሚባሉት ውስብስብ ጌጦች። ይህን ቅደም ተከተል የሚያቻኩል አስተማሪ ቢያጋጥማችሁ ሌላ ፈልጉ።

አዲስ ዜማ ወረቀት ላይ ከመታየቱ በፊት ይዜማል። «ካንታራክ» የሚሉት ሥርዓት ለየድምፁና ለየጌጡ የራሱ ቃል አለው፤ የዜማ ተማሪ ከመሪጌታው አፍ ቃል እየተቀበለ እንደሚያጠናው ሁሉ የፒብሮክ (የባግፓይፕ ክላሲካል ሙዚቃ) ታላላቅ ዜማዎች ለዘመናት በዚህ መንገድ ተላልፈዋል። ምንጩን ማየት ለፈለገ የስካይ ደሴት አለ። ከግላስጎው የሚነሣው አውቶቡስ በሎክ ሎመንድ፣ በግሌንኮና በፎርት ዊልያም አድርጎ ፖርትሪ ለመድረስ ከስድስት ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ከዚያ ወዲያ መኪና መከራየት ይሻላል። የደንቬገን ማክላውድ ጎሣ ነፊዎች የነበሩት የማክሪመን ቤተሰብ አባላት ያስተማሩበት ቦረሬግ ላይ ዛሬ የድንጋይ መታሰቢያ ቆሟል።

ወደ ሙሉው ባግፓይፕ የሚታለፈው ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት በቻንተር ከተሠራ በኋላ ነው። ያኔም ሦስቱ ድሮኖች በቡሽ ተደፍነው በቻንተሩ ብቻ ይጀመራል፤ ኋላ ቴነር ከሚባሉት ሁለት አጫጭር ድሮኖች አንዱ፣ ከዚያ ሁለተኛው፣ በመጨረሻ ረጅሙ ባስ ይከፈታል። ከሁሉ በፊት ከረጢቱ አየር አለማስወጣቱ ይፈተሻል፦ ቀዳዳዎቹ ሁሉ ተደፍነው እስኪወጠር ይነፋል፣ ጥቂት ይቆይና እንደገና ይሞከራል። ተጨማሪ ትንፋሽ ከተቀበለ አየር ያወጣል። ብዙ ጊዜ የሚያስወጣው መጋጠሚያው ላይ የተጠመጠመው ሰም የተቀባ ክር ሲሳሳ ነው፤ አንድ ሁለት ዙር መጨመር ይበቃዋል።

ክንድ ሲጨምቅ አፍ ያርፋል፣ አፍ ሲነፋ ክንድ ይላላል። ጀማሪ ሁለቱንም በአንድ ላይ ያደርጋል፤ ግፊቱ ከፍ ሲል ቻንተሩ ይሾላል (ድምፁ ከልኩ በላይ ይቀጥናል)፣ የድሮኑም ሪድ (በአየር ተንቀጥቅጦ ድምፅ የሚፈጥረው ምላስ) ሊዘጋ ይችላል። በውሃ የተሞላ የፕላስቲክ ቱቦ ከከረጢቱ ጋር ሲያያዝ ይህ በዓይን ይታያል፤ ውሃው ከፍ ዝቅ ሳይል አንድ ቦታ እንዲቆም ማድረግ ነው ልምምዱ።

ግፊት ሳይረጋ መቃኘት ከንቱ ድካም ነው። ከረጋ በኋላ ቻንተሩ ይቀድማል። ሃይ ኤ ከሎው ኤ አንጻር ከሾለ ሪዱ ከመቀመጫው ትንሽ ወጣ ይደረጋል፤ አንድ ኖታ ብቻ ከሾለ የቀዳዳው የላይኛው ጠርዝ በቴፕ በስሱ ይሸፈናል። ቀጥሎ አንዱ ቴነር ድሮን ብቻ ይተውና ሌሎቹ ይደፈናሉ። ድሮኑ ሲረዝም ይወፍራል፣ ሲያጥር ይቀጥናል። የድሮኑና የቻንተሩ ድምፆች ሳይገናኙ ሲቀሩ ዋ-ዋ-ዋ የሚል ንዝረት ይሰማል፤ ሲቀራረቡ ንዝረቱ ይዘገይና ይጠፋል። ቴነሮቹ ከሎው ኤ አንድ ኦክታቭ (የስምንት ድምፅ ርቀት)፣ ባሱ ሁለት ኦክታቭ ዝቅ ይላሉ።

ሙሉው ባግፓይፕ ከ100 ዴሲቤል በላይ ስለሚጮህ ሆቴል ክፍል ውስጥ አይነፋም፤ የጆሮ መከላከያ የግድ ነው። ከልምምድ በኋላ መንፊያውንና ቻንተሩን መጥረግ፣ ከረጢቱን ማናፈስ አይረሳ። ውስጡ የሚበቅል ሻጋታ ሳንባ እንደሚጎዳ በሕክምና መጽሔት ተዘግቧል።

አዲስ አበባ ይዞ ለሚመለስ ሰው ስለ እንጨቱ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ጥሩ ባግፓይፕ የሚሠራው ኢትዮጵያን ጨምሮ በአፍሪካ ከሚበቅለው ጥቁር እንጨት ነው፤ የሚላገው እንጨት በዋናነት ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ ይመጣል። ከስኮትላንድ እርጥበት ወደ በጋው ደረቅ አየር ሲገባ ሊሰነጠቅ ስለሚችል በሳጥኑ ውስጥ እርጥበት መጠበቂያ ይቀመጥ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም በቀን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ብቻ ይነፋ። ይህ እንጨት እ.ኤ.አ. በ2017 በሲቲስ (ለመጥፋት የተጋለጡ ዕፅዋትና እንስሳት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ቁጥጥር ሥር ቢገባም በ2019 ያለቀላቸው የሙዚቃ መሣሪያዎች ነፃ ተደርገዋል። የዝሆን ጥርስ ቀለበት ያለው አሮጌ ባግፓይፕ ግን ያለ ፈቃድ ሰነድ ድንበር ላይ ሊወረስ ስለሚችል፣ ሲገዛ ቀለበቱ ከምን እንደተሠራ ሻጩን በጽሑፍ ማስመስከር ያስፈልጋል።